አራት ቆርቆሮ

«ወድቃ ነው።» ስለ ልጅቷ ቅንድብ ጠባሳ ሰው በጠየቀ ቁጥር አጎቷ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። እሷም ዝም ትላለች። አልወደቀችም። ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ አጎቷ ራሱ ቆርቆሮ ላይ ክብ የሚያሰምርበትን የብረት ኮምፓስ ወርውሮባት ነው። ያኔ ጠባሳው ምስር አያክልም ነበር። ፊቷ ሲያድግ አብሮ አደገ፤ ቅርጹ ግን ያው ነው።

ባለፈው ሳምንት የሂሳብ መምህሯ «ቅርጽ ሲጎላ መጠኑ ያድጋል እንጂ መልኩ አይለወጥም» ሲል፣ እጇ ሳታስበው ወደ ቅንድቧ ሄደ።

ዛሬ በአጎቷ የቆርቆሮ ሥራ ቤት ውስጥ እሷና እሱ ብቻ ናቸው። ባለ ምግብ ቤቷ ሴትዮ ለትልቁ ድስቷ ክዳን አዛለች፤ አፉ ከዳር እስከ ዳር የትንሹን ድስቷን እጥፍ ነው። የትንሹ ክዳን ከአንድ ቆርቆሮ ልክክ ብሎ ወጥቶ ነበር።

«እጥፍ አይደል? ሁለት ቆርቆሮ በይጄ እቆርጣለሁ» አለ አጎቷ።

«አጎቴ፣ አራት ነው የሚፈልገው።»

«ምን አልሽ?»

«በወርዱም በቁመቱም እኮ ነው የሚያድገው። አራት ነው።»

ጥፊው ጆሮዋን ጭው አደረገው።

«ደግሞ በደብተር መጣሽብኝ! ሃያ ዓመት ቆርቆሮ የቆረጥኩትን እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

ሁለቱን በየደ። የኮምፓሱን አንድ እግር መሃል ተክሎ ሌላውን ሲያዞር፣ ጫፉ ከቆርቆሮው ወጥቶ ጠረጴዛውን ጫረ። በወዲያኛውም በኩል ወጣ።

«አሟርተሽብኝ ነው!»

ክንዷን ጠምዝዞ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። የመዶሻው እጀታ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«አራት» አለች።

ደገማት። ደሟ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«አራት ነው።»

ሦስተኛውን ሊሰነዝር እጁን እንዳነሳ በሩ ተከፈተ። እናቷ ናት፤ ምሳ ዕቃ ይዛለች።

«ውይ ልጄን! ምን ሆነሽ ነው?»

አጎቷ መዶሻውን ወደ ኋላው ደበቀ። «ምን ትሆናለች እህቴ፣ ወድቃ ነው። ታውቂያት የለ፣ እያየች አትራመድም!»

«አልወደቅኩም፣ እማዬ።»

ልጅቷ ኮምፓሱን ከጠረጴዛው አነሳች። ሹሉን እግር ቀስ አድርጋ ቅንድቧ ላይ፣ ጠባሳው ጋ አደረሰችው።

«ያኔም አልወደቅኩም።»

ከዚያ ኮምፓሱን እናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።