ላሚቱ የምታልፍበት ካብ

«ሮሺን ዛሬ ከታችኛው ማሳ ወደ ላይኛው ትዛወራለች» ሲሉ አያት ኮሊን ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ ገበታ ተነሥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው አወጁ። ሮሺን ላማቸው ናት። የምትዛወረውም ሣር ስላለቀባት ነው።

የአሥራ አራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ባርብራ የቀረ ዳቦዋን አፏ ውስጥ ከትታ ተከተለቻቸው።

በሚኖሩባት የአይርላንድ ደሴት ማሳዎች በር የላቸውም። ላም ስታልፍ ካቡ በላሟ ስፋት ይፈርሳል፤ ካለፈች በኋላ መልሶ ይካባል። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ፣ የባሕሩ ነፋስ በየቀዳዳው እያፏጨ እንዲያልፍ። የብረት በር ያስገባ ጎረቤታቸው ፓድሪግ ብቻ ነው፤ እሱም በሩ ዝጎ ስለተጣበቀበት ካቡን እያፈረሰ ነው የሚገባው።

አያት ኮሊን የዛሬ ዓመት ከታመሙ ወዲህ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጠዋት የካቡት ከምሳ በፊት ይናዳል። ባርብራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጓሮ ዞራ መልሳ ትክበዋለች። እራት ላይ እናቷ «አባባ፣ ካብዎ እንዴት ዋለ?» ትላለች። «ምን ይሆናል ብለሽ!» ይላሉ እሳቸው። ከዚያ ሁሉም ሾርባው ላይ ያቀረቅራል። ባርብራ አያቷ የሚያውቁ አይመስላትም። ቢያውቁ ቅስማቸው ይሰበራል ብላ ትፈራለች።

ኑላ ባትመጣ ኖሮ ነገሩ እንዲሁ በሰላም በቀጠለ ነበር። ኑላ ከዋናው የአይርላንድ ምድር በጀልባ የመጣች፣ የድሮ ካቦችን የሚያስጠግን ማኅበር ሠራተኛ ናት። በየመስኩ የወደቁትን ካቦች በበጋው የሚያነሣ የወጣቶች ቡድን ልታቋቁም ነው። ከዚህ ደሴት የምትወስደው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ልጁም ራሱ የካበውን ማሳየት አለበት። ባርብራ ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። የምታሳየው ካብ ሞልቷል፤ ሁሉም ግን የአያቷ ነው ተብሏል።

«ንገሪያታ፣ አንቺ ፋራ!» አለ የፓድሪግ ልጅ ዳራ በሹክሹክታ፣ ላሟን ከኋላ እየነዱ። «ግማሹ ደሴት ያንቺ የእጅ ሥራ ነው እኮ።»

«አባባ እየሰሙኝ?»

«እሺ እኔ ልንገራት።»

«ዋ! ብትነግራት ከሮሺን ጋር ነው የማስርህ።»

ከፓድሪግና ከባርብራ እናት ጋር አብራቸው የመጣችው ኑላ መንገድ ዳር ያለውን ካብ በእጇ ዳበሰች። «እንዴት ያምራል! ማን ነው የካበው?»

«ኮሊን ናቸዋ!» አለ ፓድሪግ ፈጥኖ።

«አባባ ናቸው» አለች የባርብራ እናት።

አያት ኮሊን ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ባርብራ የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ አለች፤ የተጫማችው ግን የጎማ ቦቲ ነበር።

«እንግዲያው ሲክቡ ባይዎ ደስ ይለኛል» አለች ኑላ።

አያት ኮሊን ካቡን ከፈቱ። ሮሺን ማንንም ሳታይ አለፈች። ከዚያ መካብ ጀመሩ። የመጀመሪያው ድንጋይ ተቀመጠ። ሁለተኛው ተንሸራተተ። ሦስተኛው ሁለቱንም ይዞ ወረደ።

ማንም ምንም አላየም። እናቷ ሻርፗን አስተካከለች። ፓድሪግ ወደ ባሕሩ ዞሮ የቀኑን ማማር ለኑላ ያስረዳ ጀመር፤ ያን ጊዜ እያካፋ ነበር። ዳራ ባርብራን በክርኑ ጎሰም አደረጋት። እሷ ግን እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቆመች። አንድ እርምጃ ብትራመድ ኑላ ታያታለች፤ አያቷን ግን በሰው ፊት ገፍታ ማለፍ ሆነባት። ቡድኑ ይቅር፣ አለች በልቧ።

አያት ኮሊን የወደቀውን ድንጋይ አነሡ። ገልበጥ አድርገው አዩትና ወደ ልጅቷ ዘረጉት።

«ይቺ የምትወጃት ናት» አሉ፣ ማዕድ ላይ ጨው እንደሚያቀብል ሰው። «ባለፈው ከሥር ነው ያስገባሻት።»

ፓድሪግ የአየሩን ወሬ መሐል ላይ ቆረጠው።

ባርብራ እጆቿን ከኪሷ አወጣች።

«ከሥር አይደለም አባባ» አለች ድንጋዩን እየተቀበለች። «ከጎን ነው። ከሥር ሲሆን ይወዛወዛል።»

«እኔ እኮ ከጎን ያልኩ መስሎኝ!» አሉና ፈቀቅ ብለው ቦታውን ለቀቁላት። እሷም ኑላ እያየቻት እርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከከች።