የዘጌው ጉብታ

የሁለተኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ ከሰኞ ጀምሮ በጽሕፈት ቤት በኩል በፊርማ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ጣና ዳር፣ ፋሲሎ ሠፈር ውስጥ የሚገኝ አንድ የካርታ መሥሪያ ቤት ለመላው ሠራተኛው በታላቅ አክብሮት አስታወቀ። ማስታወቂያው ባለቀለም ነው፤ ክብ ማኅተምም አርፎበታል። ከሥሩ በተረፈችው ቦታ ላይ፣ ቀያሹ ዳኘው ቅዳሜ ጠዋት ጣና ውስጥ ደንገል መሐል ሞቶ መገኘቱን የምትገልጽ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋለች። እሷ ማኅተም አልደረሳትም።

ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ ሁለቱንም አነበበች። የመጣችው አስከሬኑን አይታ ነው። ዳኘው ከኋላው ጭንቅላቱን ተመትቷል፤ እግሩ ላይ አዲስ ጥቁር የቆዳ ጫማ አለ። በግድያው የታሰረው ዓርብ ዕለት ለልኬት ወደ ዘጌ የወሰደው ጀልባ ነጂ ባምላክ ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የዐይን ምስክር ስላለበት የሚያድነው ያለ አይመስልም።

«በደህና መልሼ አወረድሁት እኮ፣ እትዬ» ብሏት ነበር ጠዋት። «ከመሥሪያ ቤታቸው ጀርባ፣ ማቆሚያው ላይ። አሥር ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።»

«ጀልባህ ውስጥ ያለው ጭቃ የበላው ቦቲ የማን ነው?»

«የጀልባው ነው። ዘጌ ለሚወርድ እንግዳ አውሰዋለሁ።»

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ አስናቀ ኢንስፔክተሯን ቆመው ተቀበሏት።

«ዳኘው ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ቸኳይ ሆነ እንጂ። የላይዳሩን መረጃ ሰኞ ለሕዝብ እለቀዋለሁ ብሎ ፎከረብን።»

ላይዳር የሚሉት፣ ከአውሮፕላን ላይ ጨረር እየለቀቀ፣ በቅጠሉ መሐል አልፎ አፈሩን ክንድ በክንድ የሚለካ መሣሪያ ነው። ዳኘው በረራው ላይ ስለነበር የራሱ ቅጂ ነበረው።

«መረጃው ለሁሉም ክፍት ነው ተብሎ በሬዲዮ ተነግሮ የለም?»

«ክፍትማ ክፍት ነው። ክፍት መሆን ሌላ፣ መልቀቅ ሌላ። ከተማው መሬት የሚመራው በኛ ካርታ ነው፤ ማንም እየተነሣ ሊያስተያየው ነው?»

የመረጃ ክፍሏ ማህሌት ደግሞ የላይዳሩ መረጃ የተቀመጠበትን ቁም ሣጥን አሳየቻት። በሩ በወረቀት ታሽጓል።

«ደብዳቤ ይዞ ለመጣ ሁሉ ይሰጣል» አለች።

«እስከ ዛሬ ስንት ሰው ወሰደ?»

«ደብዳቤውን የሚመራው ኮሚቴ ገና አልተቋቋመም።»

ምስክሩ ኢንጂነር ኪሩቤል ነው፤ ከተማው የሚሠራበትን ካርታ የሣለ፣ ቁም ሣጥኑንም ያሸገ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩም የተተኮሰ።

«ዓርብ እኔም ለመስክ ሥራ ዘጌ ነበርኩ። በስተሰሜን ያለው ጉብታ አናት ላይ ሲጨቃጨቁ አየኋቸው። ጀልባ ነጂው ገፈተረው፤ ተንከባሎ ሐይቁ ውስጥ ገባ።»

«ዳኘው መሆኑን በምን ለዩት?»

«አዲስ ጥቁር የቆዳ ጫማ አድርጎ ጉብታ የሚወጣ ከሱ ሌላ ማን አለ?»

«አስከሬኑን አይተዋል?»

«አላየሁም። አንጀቴ አልቻለም።»

«ጉብታው ትልቅ ነው?»

«አሥራ ስምንት ሜትር» አለና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታውን አመለከታት። ከካርታው ግርጌ፣ ቦታው ድረስ ሄደው ማረጋገጣቸውን የሚገልጽ የኪሩቤል፣ የአቶ አስናቀና የማህሌት ፊርማ አለ።

«እኔም ወጥቼዋለሁ» አሉ አቶ አስናቀ ጣልቃ ገብተው። «ላይ ያለው ነፋስ ልዩ ነው።»

«እኔንስ ወገቤን የሚያመኝ ከዚያ ወዲህ አይደል?» አለች ማህሌት።

ኢንስፔክተሯ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረደች። ማቆሚያው ዳር ሻይ ከምትሸጠው መቅደላዊት ዘንድ ተቀምጣ ጥቂት ተጫወተች። ተመልሳ ቁም ሣጥኑን አስከፈተች። እሽጉ ላይ ያለው ቀን ሁለት ዓመት አልፎታል።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። ባምላክም በፖሊስ ታጅቦ መጣ። ግድግዳው ላይ ሁለት ምስል ጎን ለጎን በራ።

«በግራ የኢንጂነሩ ካርታ፣ በቀኝ የላይዳሩ ነው» አለች። «በግራው ላይ ጉብታ አለ። በቀኙ ላይ ያው ቦታ እንደ ምጣድ ሜዳ ነው። ኢንጂነሩ ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ሲሥሉ የዘጌን ጫካ አናት መሬት ነው ብለው ለክተውታል። እናንተ ሁለታችሁ የወጣችሁት ዛፍ ነው።»

አቶ አስናቀ ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

«የናንተ ውሸት የሰነፍ ውሸት ነው። ኢንጂነሩ ግን ሌላ ሰው ሊያሳስሩበት ዋሹ። ዓርብ ዘጌ አልነበሩም፤ ምስክርነታቸውን ያዘጋጁት ካርታቸውን እያዩ ነው። መቅደላዊት፣ ስለ ጫማው ንገሪያቸው።»

«ያን ዕለት መጀመሪያ ያደረገው አዲስ ጫማ ጭቃ እንዳይነካው ብሎ፣ ገና ቢሮ ሳይከፈት እኔ ዘንድ አስቀምጦ፣ የባምላክን ቦቲ አጥልቆ ነው የሄደው» አለች መቅደላዊት። «ሲመለስ ጫማውን አደረገና ወደ ቢሮ ገባ። ባምላክ ጀልባውን አስሮ፣ እስኪመሽ እኔው ዘንድ ተቀመጠ።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» አሏት አቶ አስናቀ።

«ማን ጠየቀኝ?»

«ስለዚህ ያ የቆዳ ጫማ ዘጌን አልረገጠም» አለች ኢንስፔክተሯ። «አስከሬኑን ሳያይ ጫማውን ያየ ሰው፣ ዳኘውን ያገኘው ከጀልባ ከወረደ በኋላ፣ እዚሁ ነው። ምክንያቱም እዚህ አለ።» የሐይቁን ዳር በጣቷ ተከተለችው። «ካርታው ደረቅ መሬት ብሎ ለቤት መሥሪያ ያስመራው፣ በላይዳሩ ላይ ደንገል የበቀለበት ውኃ ነው። የካርታው ዳርቻ በማስመሪያ ነው የተሠመረው። መረጃው ሰኞ ቢለቀቅ ማንም ስልክ ያለው ሰው ያየው ነበር።»

ወደ ኪሩቤል ዞረች። «ሰው እንዳያየው ሁለት ዓመት ቆልፈው ጠበቁት። አንድ ቀን ከፍተው ቢያዩት ኖሮ፣ ዘጌ ላይ ጉብታ እንደሌለ ያውቁ ነበር።»

ኪሩቤል ከቀኙ ምስል ወደ ግራው ዞረ።

«ካርታው የተሠራው ደረጃውን ጠብቆ ነው» አለ። እጁም ካቴና ገባ።

የባምላክ ካቴና ተፈታ።

ሐሙስ ዕለት አቶ አስናቀ፣ መሥሪያ ቤቱ ለሟቹ መታሰቢያ፣ የመጨረሻ ልኬቱን ባደረገበት ቦታ ላይ አበባ እንደሚያኖር ወሰኑ። የጉብታው ነገር፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ የቴክኒክ ስህተት ነው፤ ዘጌን ግን እንደ ደጃቸው ነው የሚያውቁት። ማህሌትም እንደዚያው። አሥራ አንድ ሰው ጥቁር ለብሶ የባምላክ ጀልባ ላይ ተሳፈረ።

መንገድ ላይ እምቦጭ ሞተሩን አነቀው። ባምላክ ደንገሉ ዳር አስጠግቶ አቆመና ጎንበስ ብሎ አረሙን ይነቅል ጀመር።

አቶ አስናቀ ተነሡ። ወንድማችን በዚች ሥፍራ ላይ፣ እኛም በእግራችን ባረጋገጥናት ሥፍራ ላይ፣ ብለው ሰፊ ንግግር አደረጉ። አበባውን ደንገሉ ላይ አኖሩ። ማህሌት «ይቺው ናት፣ ይቺው ናት» እያለች አለቀሰች። ሁሉም ዐይኑን ጨፍኖ አንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አደረሰ።

ባምላክ አረሙን ነቅሎ ጨርሷል። እጁን አጣጥፎ ደቂቃዋ እስክታልቅ ጠበቀ።

«ጌታዬ» አለ፣ «ዘጌ ገና ነው።»

ሞተሩንም አስነሣ።