የአያቶች ምድጃ

ሽማግሌው የተገኙት ምድጃው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነው። የምድጃው ጠርዝ ደም ነክቶታል፤ ውስጡ ግማሹ የነደደ ግንድ አለ። ከተማው ዙሪያውን በፎቅ ሲውጠው ከመንደሩ የተረፈው አንድ አደባባይና ጥቂት አሮጌ ቤት ብቻ ነበር፤ ይህንኑ ሊያዩ የመጡ ጎብኚዎች ደጅ ላይ ተሰልፈዋል።

«ሬሳውን ሸፍነን በጓሮ በር ላስገባቸው?» አለች አስጎብኚዋ።

መርማሪዋ በንቀት አየቻትና ወደ ምድጃው ተጠጋች። ከጭሱ ሥር ሌላ የሚሰነፍጥ ግማት ነበር።

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ በበኩሉ ምርመራውን ጨርሷል። «የተመቱት ማጅራታቸውን ነው፤ ወድቀው አይደለም። ገዳይዋ ሚስትየዋ ናት፤ ማታ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል።»

ሚስቲቱ በካቴና ታስረው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ በምን ተጣላችሁ?»

«ቤቱን እንሽጥ አልኩት፣ እምቢ አለኝ። ሰለቸኝ ልጄ! በመስኮት አንገቱን አስግጎ መኝታዬን የማያይ ጎብኚ የለም።»

የቤት ደላላ የሆነው የሟች የወንድም ልጅ ዓይኑን በመሐረብ ያብሳል። «አጎቴ እሳት ሳይሞቁ አይተኙም ነበር። እኔም ያደግኩት እዚሁ ምድጃ ዳር ነው።»

መርማሪዋ ምድጃው ውስጥ አንገቷን አስገብታ ወደ ላይ አየች፤ ግድግዳውን በጥፍሯ ፋቀች። ከዚያ ሁሉንም ጠራች።

«ጥላሸቱ ቀለም ነው፤ ጭስ መውጫውም የለም» አለች። «አስጎብኚ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ይህ ክፍል ምን ነበር?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «የከብት በረት። በረት ለማየት ማን ይከፍላል? ምድጃው አምና ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ ነው።»

«ሙቀቱ የቀሰቀሰው ግማት የከብት ሽንት ነዋ! ምድጃው የውሸት መሆኑን ሟችም ሚስታቸውም አንቺም ታውቃላችሁ። ‹እሳት ሲቆሰቁሱ ወድቀው ሞቱ› ለማሰኘት ጭስ መውጫ በሌለው ምድጃ እንጨት የሚያነድ፣ ምድጃውን እውነተኛ ብሎ ያመነ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ደላላው ዞረች። «እዚህ ዳር ነው ያደግከው?»

«አስጎብኚዋ ራሷ ‹የአያቶች ምድጃ› ብላ...» አለና ምላሱን ነከሰ።

«ትናንት ኮፍያህን ዓይንህ ድረስ ደፍተህ ከጎብኚዎቹ ኋላ የቆምከው አንተ ነህ!» ብላ ጮኸች አስጎብኚዋ።

«ለቤቱ ገዢ አግኝተሃል፤ ‹አልሸጥም› የሚሉት አጎትህ ብቻ ነበሩ» አለች መርማሪዋ። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ብዙ አይታለች፤ አጎቱን ገድሎ የአጎቱን ሚስት በካቴና እያየ መሐረብ የሚያወጣ ግን አስጠየፋት። አዛዡ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ከሴትዮዋ እጅ ወደ ደላላው አዛወረ።

ጎብኚዎቹ በሩን ሞልተው ስልካቸውን ደቅነዋል። ሚስቲቱ እየተንገዳገዱ ገብተው ባላቸው አጠገብ ቆሙ።

«ውጡልኝ!» አሉ። «ባሌን ላልቅስ።»