ድልድዩን የተሻገረው ሰው

ሲናን የሞተው በቀትር እንቅልፍ ሰዓት ነው። ጌም ማጫወቻ በሚጠግንባት ጠባብ ሱቁ ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ በጎኑ ተኝቶ ተገኘ። በኢራቅ፣ በባስራ ሐምሌ፣ በዚያ ሰዓት ያልተኛ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ ፖሊስ፤ ስለዚህ በሩን የከፈቱት ጎረቤቶች እንዳይቀሰቅሱት ብለው መጀመሪያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ፊቱ እንደ ሮማን መቅላቱን ሲያዩ ነው ጩኸቱ የቀለጠው።

ሻምበል ኢቅባል አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ቀስ ማለቷን እንደ ሞኝነት የቆጠሩ ስንት ጮሌዎች ዛሬ እስር ቤት ተቀምጠው ይጸጸታሉ! ሱቁ በር ላይ የጠበቃት የሟች የእህት ባል ገዝዋን ነበር፤ የሕንጻውም ባለቤት እሱ ነው።

«አደጋ ነው ሻምበል» አላት ገና ሳትገባ። «መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩን አስነሳ፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ ወለቀ፣ እሱ በር ዘግቶ ተኛ። አለቀ። ስንቴ ነግሬው ነበር!»

«ምን ብለህ ነገርከው?»

«ይህን የልጅ ዕቃ ሽጥና ስልክ ጥገና ክፈት ብዬ ነዋ! ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ጌም ሲጎረጉር ይውላል?»

«እኔ የጠየቅኩህ ስለ ቱቦው ነው።»

ገዝዋን ላቡን ጠረገ።

ጄኔሬተሩ ያለው ከኋላ ጓዳ ውስጥ ነው። ጭሱን በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ መሬት ላይ ተጋድሟል። ኢቅባል በጉልበቷ ተንበረከከች። ቱቦውን የሚያስረው ብረት አልተሰበረም። ብሎኑ እስከ መጨረሻው ተፈትቶ ከጎኑ ወድቋል፤ ራሱ ላይም የካቻቢቴ ጭረት ያብለጨልጫል። የጓዳው መስኮት ደግሞ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በሐምሌ ሙቀት፣ ጄኔሬተር እየሠራ፣ ማን ጤነኛ ሰው መስኮት ይዘጋል?

ወደ ሱቁ ተመለሰች። ቴሌቪዥኑ ፊት አንድ ጆይስቲክ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ያልተነካ የባሚያ ወጥ ከነክዳኑ ተቀምጧል። ከቴሌቪዥኑ በላይ ግድግዳው ላይ ባዶ ሚስማር አለ፤ ከሥሩም አቧራ ያልነካው ክብ ምልክት።

«እዚህ ምን ነበር የተሰቀለው?»

«አንድ አሮጌ ዲስክ» አለ ገዝዋን። «ባለቤቴ አቧራውን ላራግፍ ብትል እንኳ ይጮህባታል። እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው ብልሽ አይበቃም።»

ኢቅባል የማጫወቻውን ክዳን ከፈተች። ዲስኩ ውስጥ ነበር። ስም የለውም፤ ፊቱ ላይ ልጅ የሳለው የሚመስል ድልድይ ብቻ አለበት።

ሲናን ሁለት የልብ ጓደኞች ነበሩት። አንዱ ሙሀነድ ነው። የሙሀነድን ነገር በዚያ ሰፈር የማያውቅ የለም። ሰው ከየመንገዱ በሚታፈንበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ ገና ጢሙ ሳያበቅል፣ ከመንገድ ላይ አፍነው ወሰዱት፤ ሬሳውም ወሬውም ጠፋ። አምና ግን አንድ ጢማም ጎልማሳ የእናቱን በር አንኳኩቶ «ዩማ» አለ፤ በእነሱ አፍ «እማዬ» ማለት ነው። ዘመዶች ደሙ ይመርመር ብለው ጎተጎቱ። እናቱ ሐጃ ፈውዚያ ግን «የማህፀኔን ልጅ በመርፌ ላስፈትን?» ብለው ሁሉንም ከቤት አስወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴትየዋ ኩል ተኩለው ገበያ ይወጣሉ፤ ሰፈሩም ደስ ብሎት ያያቸዋል።

ኢቅባል ቤታቸው ስትገባ ሙሀነድ ዓይኑ አብጦ፣ ምሳ ቀርቦለት ተቀምጧል።

«ምሳ ያደረስኩለት እኔ ነኝ» አላት። «የእናቴን ባሚያ። በሩ ላይ ተቀበለኝና ተመለስኩ፤ አልገባሁም። እንቅልፍ ይዞት ነበር ወንድሜን።»

«ድሮ አብራችሁ ትጫወቱ ነበር አሉ።»

በእንባው መሃል ፈገግ አለ። «አይ ሻምበል፣ ያን ጊዜ ቢያዩን! ረጅም ታሪክ ያለው ጌም ነው፤ ሁላችንም የራሳችን ሰው አለን። እኔ ፈረሰኛው ነኝ። ንብራስ ጠንቋዩ፣ ሲናን መድኃኒተኛዋ። ሲናን መድኃኒቱን ሁሉ ‹ለክፉ ቀን› እያለ ይደብቃል፤ ንብራስ ለአንዲት አይጥ ሁሉንም ይጨርሰዋል። ከዚያ ዱላ!»

«በመጨረሻስ?»

«የጨረስነው ቀን ማንም አልሳቀም። ከድልድዩ በኋላ መድኃኒተኛዋ በረዶው ላይ ትሞታለች። ሦስታችንም ምንጣፉ ላይ ተደፍተን አለቀስን። ሲናንማ እራትም አልበላ።»

ኩሽና በር ላይ ሐጃ ፈውዚያ የሻይ ትሪ ይዘው ቆመው ነበር። ልጁን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ሻዩን አስቀምጠው፣ ሳህኑን አንስተው እንደገና ሞሉለት። ኢቅባል ይህን አየች። በልጅነቷ ጌም ነክታ አታውቅም፤ የሰማችው ሁሉ የልጅ ጨዋታ መሰላት።

ሁለተኛው ጓደኛ፣ ታክሲ ነጂው ንብራስ፣ ከሟች ጋር በቅርቡ አንገት ለአንገት መተናነቁን ጎረቤት ሁሉ መስክሯል። ኢቅባል ታክሲው ውስጥ ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በጌም።»

«ሰው በጌም ይጣላል?»

«በኳስ ይገዳደል የለም እንዴ?» አለ ንብራስ በብሽቀት። «እሱ ‹ዋናው ታሪኩ ነው› ይላል። እኔ ‹ውጊያው ከሌለ ታሪኩን አያትህም ትነግርሃለች› አልኩት። ጆይስቲክ ወረወረብኝ፣ ወረወርኩበት። በነጋታው ሻይ ጋበዘኝ። ይኸው ነው። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው፤ አሁን ከማን ጋር ነው የምጣላው?» መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ።

ኢቅባል ጠበቀችው። «ሲናን የሞተ ቀን፣ ያ ድልድይ የተሳለበት ዲስክ ማጫወቻው ውስጥ ነበር።»

ንብራስ ቀና አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ከግድግዳው አወረደው? የማይሆን ነገር!»

«አብራችሁ የጨረሳችሁት ጌም አይደለም እንዴ?»

«ማን ነው የጨረሰው?» ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሳቅ ለዛ አልነበረውም። «ሻምበል፣ በዚህ ሰፈር ያን ጌም የጨረሰ ልጅ የለም። የገበያው ሻጭ ሁሉንም የሚገለብጠው ከአንድ ብልሹ ዲስክ ነበር። የትኛውም ቤት ብትሄጂ ድልድዩ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ፈረሰኛው አንድ እግሩን እንዳነሳ ይቀራል። ጽሑፉም የባዕድ ቋንቋ፣ እናነበው ይመስል! ማዶውን የሚነግረን ሙሀነድ ነበር። ከራሱ እየፈጠረ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሰገነት ላይ። ‹ከድልድዩ ማዶ መብራት የማይጠፋበት ከተማ አለ› ይለን ነበር። ሳይጨርስልን ወሰዱት።»

«ከዚያስ?»

«እኔና ሲናን ማልን። ሙሀነድ እስኪመጣ ዲስኩ አይነካም። ስለ ማዶውም አናወራም፣ አንጽፍም። ሌላውን ግን ጽፈናል፤ ‹የሰገነቱ ልጆች› የሚል የኢንተርኔት ገጽ አለን። ከካይሮ፣ ከራባት፣ ከየትም ተጫዋች ይመጣል፤ የትኛው ጌም ይበልጣል እየተባለ ይሰዳደባል። እኛ ግን የጻፍነው ምናልባት እሱ የትም ሆኖ ያየው ይሆናል ብለን ነው።»

«ከመጣ ወዲህ ማዶውን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?»

«ሲናን ከለከለኝ። ‹ስንት መከራ አይቶ የመጣ ሰው ነው፣ ይተንፍስ› አለኝ። ፈርቶ ነው እንጂ። ‹ቢረሳውስ?› ይለኝ ነበር።»

ኢቅባል ከታክሲው ወረደች። ቢሮዋ ገብታ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የሐጃ ስም፣ ሰገነቱ፣ ምንጣፉ፣ የተደበቀው መድኃኒት፣ አይጧ፣ ዱላው። ሙሀነድ ያጫወታት ሁሉ እዚያ ነበር፤ አንዳንዱ ቃል በቃል። አንድ ነገር ብቻ የለም፦ በረዶው ላይ የሞተችው መድኃኒተኛ። ኢቅባል ገጹን ዘጋችው። ነፍሰ ገዳዩን ማግኘቷ አልነበረም ያስጨነቃት። ለእኚያ ሴትዮ እንዴት አድርጋ ትነግራቸዋለች?

በማግስቱ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ገዝዋን በሩ አጠገብ፣ ሐጃ ፈውዚያ ወንበር ላይ፣ ሙሀነድ ከእግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ፤ አንድ ፖሊስ ውጭ። ኢቅባል ጆይስቲኩን ለንብራስ ሰጠችው።

«ድልድዩ ጋ አድርሰን።»

ንብራስ ከድሮው ምዕራፍ አስነሳው። ፈረሰኛውን ነዳው። ድልድዩ መጣ። መሃል ላይ ሲደርስ ፈረሰኛው አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀጥ አለ። ሙዚቃውም ቆመ።

«ሙሀነድ፣ ቀጥሎ ምንድን ነው?» አለች ኢቅባል።

ሰውየው ማያ ገጹን አየ። ንብራስን አየ።

«እኔ ልናገር» አለች። «ቱቦውን ንዝረት አልፈታውም፤ ካቻቢቴ ነው የፈታው። መስኮቱንም የዘጋ ሰው አለ። ማን? ገዝዋን ይህን ሱቅ ይፈልገዋል።»

«እኔ?» ብሎ ገዝዋን ብድግ አለ።

«ተቀመጥ፣ አንተ አይደለህም። ሲናን ያን ዲስክ ከግድግዳው ለአንተ ብሎ አያወርድም። ለንብራስም አያወርድም፤ ምለዋል። ደግሞ ንብራስ ቢሆን ኖሮ መሐላውን ያውቃልና፣ ሲወጣ ወደ ሚስማሩ ይመልሰው ነበር። ዲስኩን ማጫወቻው ውስጥ ትቶ የሄደው ትርጉሙን የማያውቅ ሰው ነው። ሲናን ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚያወርደው፤ ለሙሀነድ። ሙሀነድ ግን በሩ ላይ ምሳ ሰጥቼው ተመለስኩ፣ አልገባሁም ብሎኛል።»

«ልጄ፣ እውነቷን ነው?» አሉ ሐጃ በቀስታ። ሰውየው አንገቱን ደፋ።

ኢቅባል ወደ ሰውየው ዞራ ቀጠለች። «ሲናን ወንድሙን ሲጠብቅ ነው የኖረው። አስቀመጠህ፣ ዲስኩን አወረደ፣ እስከ ድልድዩ ተጫወታችሁ። ሲቆም ‹በል አሻግረን› አለህ። አንተም ለእኔ እንደነገርከኝ፣ መድኃኒተኛዋ በረዶው ላይ ሞተች አልከው። ያ መጨረሻ ውሸት አይደለም። ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ያጣው የለም። የማያውቀው ይህ ሰፈር ብቻ ነው፤ እውነተኛው ሙሀነድ የሚያውቀው ከራሱ የፈጠረውን ማዶ ነበር።»

ጆይስቲኩ ከንብራስ እጅ ወደቀ። «ገጻችንን…» አለ። «ገጻችንን አንብበህ ነው የመጣኸው? ለእሱ ብለን የጻፍነውን? አንተ ውሻ!» ሊዘልበት ሲል ገዝዋን ጨምድዶ ያዘው።

«አልተቆጣኝም» አለ ሰውየው ድንገት። ድምፁ ሌላ ነበር፤ የሰሜን ሰው አነጋገር። «ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ‹እስከ ማታ ራስህ ንገራት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› አለኝ። ሲያለቅስ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ… እናትም አባትም አላውቅም። የጭነት መኪና ጫኝ ነበርኩ። ማታ ማታ ያን ገጽ አነብ ነበር። የሚፈለግ ሰው መሆን ምን ይመስላል እያልኩ። አንድ ቀን በሩን አንኳኳሁ፤ እሷም ከፈተችልኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልመለስ? ብትሰማ ትሞታለች ብዬ ነው። ለእሷ ብዬ ነው!»

ሁሉም ወደ ሐጃ ፈውዚያ ዞሩ። ኢቅባል ልትደግፋቸው ተጠጋች። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ነው የተቀመጡት።

«ሙሀነድ ባሚያ አይበላም ነበር» አሉ። «ሽታውን ሲሰማ አፍንጫውን ይዞ ሰገነት ላይ ይሸሻል። አንተ በመጀመሪያው ቀን ድስቱን ጠረግከው። ያን ጊዜ አወቅኩ።»

ሰውየው አፉን ከፈተ። «ታዲያ በየቀኑ…»

«ስለምትወደው ነዋ የምሠራልህ!» አሉ ሐጃ። «አንድ ሰው ይብላልኝ፣ ‹ዩማ› ይበለኝ ብዬ ነው። ሲናን መጥቶ ቢነግረኝ ‹አውቃለሁ ልጄ፣ ሻይህን ጠጣ› ነበር የምለው። ምን አደረግክ? ያን የመሰለ ልጅ፣ የልጄን ጓደኛ፣ እኔ ለማውቀው ነገር ገደልከው?»

ሰውየው ምንጣፉ ላይ ተደፋ። ሲናን የተኛበት ቦታ ነበር።

«ማን ነው ስምህ?» አሉ ሐጃ።

«ፋሊሕ።»

«ፋሊሕ» አሉ፤ ሌላም አልጨመሩ።

ፖሊሱ ገብቶ በካቴና አሰረው። ኢቅባል ፋሊሕን ይዛ ልትወጣ ስትል ከኋላዋ የሐጃን ድምፅ ሰማች።

«ንብራስ ልጄ፣ የሞተው ሞቷል። መሐላውን ተወውና ንገረኝ። ልጄ ማዶው ላይ ምን አለ ብሎ ነበር የነገራችሁ?»

ፋሊሕ እግሩን ተከለ። «እኔም ልስማው» ብሎ ለመናት።

«ያንተ አይደለም» አለችው ኢቅባልና አወጣችው።

ንብራስ ከሐጃ እግር ሥር ተቀመጠ። ማያ ገጹ ላይ ፈረሰኛው አሁንም እግሩን እንዳነሳ ነው።

«ከድልድዩ ማዶ፣ እናቴ፣ መብራት የማይጠፋበት ከተማ አለ። ሰገነቱ ሁሉ ላይ ሰው ይተኛል፤ ማንም ማንንም አይፈራም። ፈረሰኛው በሩ ላይ ይደርስና ያንኳኳል። አንዲት ሴትዮ ከውስጥ ‹ማነው?› ትለዋለች።»

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ ሐጃ።

«ከዚያ ቀጣዩን ሐሙስ ሙሀነድ አልመጣም፣ እናቴ» አለ ንብራስ።