አፍ የሌለው ዳቦ

ጡረታ የወጣው ሰዓት ጠጋኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ አራት ሰሃን ተደርድሯል፤ አንዱም አልተነካም። ቤቱ በጋዝ ሽታ ታፍኗል። መስኮቱ ተዘግቷል፣ የበሩም ሥር በፎጣ ተወትፏል።

«ይሄ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ ታናሽ ወንድሙ ዓይኑን እየጠረገ። «ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ እየጋገረ ይጠራናል። ዛሬ ሦስታችንም፣ እኔ፣ ልጁና ጎረቤቱ፣ ደውለን ቀረንበት። ራሱን አጠፋ። የገደልነው እኛ ነን።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ስሙን አትወደውም፤ ምሳዋን ብቻዋን የምትበላ ሴት በቅጽል ስም አትጽናናም። ግን ነገር ማበጠር ታውቅበታለች። ምድጃው ላይ ግማሽ ውሃ የያዘ ድስት ተጥዷል፤ የምድጃው ቁልፍ በትንሹ ተከፍቷል፤ የፈሰሰ ውሃ ግን የለም።

ሽታውን ሰምታ በር ያስከፈተችው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ናት።

«ፎጣው ምን ይገርማል?» አለች። «ሊጡ ኩፍ እንዲልለት ሁሌ እንዲህ ነው። ይዘጋጋና በትንሽ እሳት ውሃ ይጥዳል። ‹ሊጥና ሽማግሌ ብርድ አይወዱም› ይለኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«እርስዎስ ለምን ቀሩ?»

«የሙሽራ ቀሚስ ላደርስ። ስኳር አለብኝ፣ ዳቦውን አልቀምሰውም፤ የምመጣው ለጨዋታው ነበር። የሚለየን እኮ አንድ ግድግዳ ነው!» ለቅሶ ቀደማት።

የሟቹ ሴት ልጅ፣ አስተማሪዋ፣ በር ላይ ቆማለች። «እኔም ደውዬ ነው የቀረሁት» አለች። «ፈተና ሳርም ዋልኩ።»

ወንፊት ትሪውን ገለጠች። አራት ድቡልቡል ሊጥ አለ፤ አንደኛው ላይ ብቻ ሁለት ዘቢብ ተሰክቷል።

«ዘቢቡን ማነው የሚሰካው?»

«እንግዳው በገዛ እጁ» አለ ወንድምየው። «የቤቱ ሕግ ነው። እሱ ነክቶት አያውቅም።»

ወንፊት ግቢው ውስጥ ያለውን የጋዝ ሲሊንደር አየች፤ ገና ጋዝ አለው። ተመልሳም ሦስቱን፣ ጠዋት ሳይቀመጡባቸው በቀሩት ወንበሮች ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ሰውየው ራሱን አላጠፋም» አለች። «ፎጣው ለሊጡ ነው። እሳቱም በርቶ ነበር፤ ግን ጠፋ። ውሃ ገንፍሎ እንዳንል ምድጃው ደረቅ ነው። ነፋስ እንዳንል ቤቱ ዝግ ነው። ጋዝ አልቆ እንዳንል ሲሊንደሩ ገና አለው። ስለዚህ ጋዙ ራሱ ለአፍታ ተቋርጧል። አንድ ሰው ሲሊንደሩን ከውጭ ዘጋው፤ እሳቱ ጠፋ። መልሶ ከፈተው፤ ጋዙ ያለ እሳት መጣ። ሰውየው ሊጡን ሲጠብቅ እንቅልፍ ወሰደው።»

«ማነው እሱ?» አለ ወንድምየው እየተነሳ።

ወንፊት ከግድግዳው ፎቶግራፍ አወረደች። የፊት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን ዳቦ ታቅፋለች፤ ዳቦው ሁለት የዘቢብ ዓይኖች አሉት።

«ይሄ ዳቦሽ ለምንድነው አፍ የሌለው?» አለቻት አስተማሪዋን።

አስተማሪዋ ፎቶውን ብዙ አየችው።

«አፍ ካለው ሲበላ ይጮኻል ብዬ ነው» አለች በመጨረሻ። «እስካሁንም እንደዛው ነው የማደርገው። አዎ፣ መጥቻለሁ። ደውዬ ቀረሁ ያልኩት ውሸት ነው፤ የመጣሁት እንደማልቆይ ልነግረው ነበር። ዘቢቡን ሰክቼ ወጣሁ። ዓምና ድስት ረስቶ ቤቱን ሊያቃጥል ስለነበር፣ ስወጣ ሁሌ ሲሊንደሩን እዘጋለሁ። እጄ ለምዶታል። የግቢው በር ጋ ስደርስ ዳቦው ትዝ አለኝና ተመልሼ ከፈትኩት።»

«ገብተሽ እሳቱን አላየሽም?»

«ከገባሁ ‹ትንሽ ቆዪ› ይለኛላ! እሱን ፈርቼ ነው።» ወደ አጎቷ ዞረች። «አጎቴ፣ ራሱን አጠፋ ስትል ዝም አልኩ። በአባቴ ላይ እንዲህ ሲባል ዝም አልኩ።»

አጎትየው ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ስትወጪ ምን አለሽ?» አለች ወንፊት።

«‹ለአንቺ አስቀምጥልሻለሁ፣ ሲመሽም ቢሆን ነይ› አለኝ።»

ትሪው ላይ ያለው ሊጥ ከልክ በላይ ኩፍ ብሎ ሁለቱ ዘቢቦች ተራርቀዋል። ማንም አልነካውም።