ቀይ ጨርቅ የታሰረባት ኤሊ

ዳይሬክተሩ የሞቱት ውሃ እያዩ ነው። ከኮረብታው ጫፍ ትንሽ ወረድ ብሎ የውሃ ቧንቧ አለ። ሬሳቸው የተገኘው በመኪናቸውና በቧንቧው መካከል በደረታቸው ተደፍተው ነው። ጥፍራቸው ውስጥ ጠጠር ገብቷል፤ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቦጭቋል። እግራቸው ከከዳቸው ዓመታት ስላለፉ በክንዳቸው ነው የተሳቡት። የቀትር ፀሐይና የደከመ ልብ የቀረውን ጨረሱት።

የመዝናኛ ካምፑ ትልቅ ነው፤ ከዋናው በር እስከ ሐይቁ ዳርቻ በእግሩ የሚደፍር የለም። የእንግዳ መኪና ከበሩ አያልፍም። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ክንዱ ላይ የወረቀት አምባር ይታሰርለትና ጋባዡ መጥቶ እስኪወስደው አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቃል። ጋባዡም የሚመጣው ካምፑ በሚያከራያት፣ በእጅ ብቻ በምትነዳ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ሰፋሪዎቹ «ኤሊ» ይሏታል። ኤሊዎቹ ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ይባስ ብሎ የአንዷ ቁልፍ ሌላዋንም ያስነሳል። ስለዚህ ሰው የራሱን እንዳይስት ጣሪያዋን በደገፈው ብረት ላይ ጨርቅ ያስራል። ዳይሬክተሩ በመጨረሻ የሄዱባት ኤሊ ቀይ ጨርቅ ታስሮባታል፤ ባትሪዋ አልቋል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ የተወጉት ግን ሌላ ምክንያት ይሰጣሉ። ስትደርስ ሳጅኑ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት።

«አስታማሚዋ ናት» አላት። «የሰውየውን ኤሊ ማታ ማታ ቻርጅ ላይ የምትሰካው እሷ ብቻ ናት። ትናንት በእንግዶች ፊት ‹ከእንግዲህ አልፈልግሽም› ብለዋታል። እልህ ይዟት ሳትሰካ አደረች። ካቴናውን አዘጋጅቻለሁ።»

«ካቴናው ኪስህ ውስጥ ይቆይ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ አንተ ከቅጠሉ ጀመርክ።»

ሳጅኑ አኩርፎ የአስታማሚዋን ሻንጣ ሊበረብር ሄደ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር።

አስታማሚዋ ዳይሬክተሩ ይኖሩበት ከነበረው ተጎታች ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። እጇን ጉያዋ ውስጥ ቀብራዋለች።

«ሰክቼዋለሁ» አለች። «ልጆቼን ይንሳኝ፣ ሰክቼዋለሁ። ጠዋት አረንጓዴው መብራት በርቶ አይቻለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ጋሼን ላጥባቸውና ላለብሳቸው ወደ ውስጥ ገባሁ። ምሳ ሲቃረብ እንደ ልማዳቸው ደግፌ አስቀመጥኳቸው፤ ብቻቸውን ወደ ኮረብታው ሄዱ።»

«ስታጥቢያቸውና ስታለብሻቸው ኤሊዋን የሚያይ ሰው አልነበረም?»

«ማን ያያታል? ደጅ ናት።»

«ብትታሰሪ ልጆችሽን ማን ይይዝልሻል?»

«ማንም።» አለች። መርፌ ልታጽናናት አልሞከረችም፤ የማትጠብቀውን ቃል መስጠት አትወድም። ወደ ኮረብታው ወጥታ ቀዩን ጨርቅ ፈታች፤ ብረቱን አይታ መልሳ አሰረችው።

የዳይሬክተሩን አማች፣ የልጃቸውን ባል፣ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ሰማያዊ ጨርቅ ያለባት የእናንተ ናት?»

«የእኛ ናት። ትናንት ቀኑን ሙሉ ከበሩ እንግዳ ስናመላልስባት ዋልን። አማቴ ሰው መጥራት ይወዳሉ፤ የሚጠሩት ግን እኛን በሰው ፊት ለማዋረድ ነው። ማምሻውን መንገድ ላይ ቀጥ አለችብኝ። ትንሽ ስታርፍ እንደ ደህና ትሮጣለች፣ ዳገት ስታይ ነፍሷ ይወጣል። ጎረቤታችን ጥርስ ሐኪሙ ባይገፋልኝ እዚያው አድር ነበር።»

«ቻርጅ አላደረጋችኋትም?»

«ሶኬቱ አንድ ነው፤ የአማቴ ኤሊ ተሰክታበት ነበር። ለባለቤቴ ስነግራት ‹በቃ፣ ነገ በእግራችን ነው› አለችኝ።»

ጥርስ ሐኪሙ ደግሞ ሳይጠየቅ ጀመረ። «ሰውየውን እጠላው ነበር፤ ዐይኔን በጨው አጥቤ አልክድም። የዛፌ ቅጠል ጣሪያው ላይ ወደቀ ብሎ እንግዶቼን ከበሩ ያስመለሰ ሰው ነው። ኤሊዋን ግን ገፍቻለሁ፤ ወገቤ ይመስክር።»

መጨረሻ ላይ ያነጋገረችው የዳይሬክተሩን ልጅ፣ የአማቹን ሚስት ነው። ሳህን እያጠበች ነው፤ ዐይኗ ደረቅ ነው።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«አንዲት እንግዳ አድራ ነበር። ዋናው በር ድረስ ሸኘኋት።»

«በእግር?»

«ያን ሁሉ መንገድ? በኤሊ ነው እንጂ። በእኛዋ፣ በሰማያዊዋ።»

«አላስቸገረችዎትም?»

«ምንም። ደርሼ ተመለስኩ።»

መርፌ አመስግና ወጣች። ሰው ሲዋሽ ይጠነቀቃል፤ እውነት ሲናገር ነው የሚዘናጋው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ተጎታቹ ቤት ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው። ሁለቱን ኤሊዎች ጎን ለጎን አስቁማለች፤ ዳይሬክተሩ የሄዱባትን ኤሊ አራት የካምፑ ሠራተኞች ገፍተው አምጥተዋታል።

«ጨርቆቹ ርካሽ ናቸው፤ ጤዛ ሲነካቸው ቀለማቸውን ብረቱ ላይ ይለቃሉ» አለች። ቀዩን ጨርቅ ፈታች። «ሳጅን፣ ከሥሩ ምን ይታይሃል?»

ሳጅኑ ጎንበስ አለ። «ሰማያዊ።»

ሰማያዊውን ጨርቅ ፈታች። «እዚህስ?»

«ቀይ» አለና ቀና ብሎ አስታማሚዋን አያት። ከዚያ በኋላ ዐይኗን ማየት አልቻለም።

«ጨርቆቹ ተለዋውጠዋል። አስታማሚዋ የሰካቻት ኤሊ ይቺ ናት፤ በሩ ድረስ ሄዳ ተመልሳም ባትሪዋ ከግማሽ በላይ ነው። ዳይሬክተሩ የተቀመጡባት ትናንት የተገፋችው ናት። አርፋ ስላደረች ሜዳውን ሮጠች፣ ዳገቱ ላይ ሞተች። የለወጠው ሰው ባትሪዋ ማለቁን የሚያውቅ ነው፤ ይህን የሚያውቁ ደግሞ ሦስት ናችሁ። ከሦስታችሁ ዛሬ በሰማያዊ ጨርቅ አምኖ ያን ሁሉ መንገድ የሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ትናንት ‹በእግራችን ነው› ያለች ሴት ጠዋት ያለ ስጋት እንግዳ አሳፈረች። ጨርቁ ሌላ ኤሊ ላይ መታሰሩን ካላወቀች እንዴት ደፈረች?»

አማቹ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ትናንት በሰው ሁሉ ፊት ‹ሰው ማሳደግ አትችዪም፣ ልጅሽን ለእኔ አምጪ› አሉኝ። እንግዶቹ ሳቁ። ባሌም አብሯቸው ሳቀ።» ባሏን አላየችውም። «ልገድላቸው አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ እሳቸውን ጠበቅኩ፤ አንድ ቀን እሳቸው ሰው ይጠብቁ አልኩ።»

መርፌ አስታማሚዋን ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «አንቺ ጨርሰሻል። ወደ ልጆችሽ ሂጂ።»

ሳጅኑ ካቴናውን ሲያወጣ የዳይሬክተሩ ልጅ ገና ተናግራ አልጨረሰችም ነበር። «ባትሪው ለመንዳት ቢያንስም ለክላክሱ አላነሰም። ነፍተዋል፣ ደጋግመው ነፍተዋል። ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

ጥርስ ሐኪሙ ጫማውን አየ። አማቹ «ሌላ ሰው ይሄዳል ብዬ ነው» አለ። የሰው ጩኸት ቢሆን ይሮጡ ነበር ይሆናል። የዳይሬክተሩን ክላክስ ግን መላው ሰፈር ጠልቶታል፤ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«አባቴ በስም አይጠሩንም» አለች ልጅቱ ለመርፌ። «አንዴ ከነፉ እኔ ነኝ፤ ሦስቴ ከሆነ ባሌ ነው።»

ሁለቴ የማን እንደሆነ አልተናገረችም። መርፌ ጠየቀች። አስታማሚዋ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ ነበር፤ ተመልሳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሁለቴ፣ ሁለቴ ነበር የሚነፉት። ‹አልፈልግሽም› ያሉኝ ትዝ አለኝና ትራሱን ጆሮዬ ላይ ደረብኩት። ዝም ሲሉ ደስ አለኝ።»