የተከበሩት ሕመምተኛ

ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ነርሷ ፊቷን አዞረች። የሟቿ ባልቴት እግር ከጄሶው በታች ከሰል መስሏል። ራስጌዋ ላይ ግን በጥሩ እጅ የተጻፈ ካርድ ተለጥፏል፤ «ባህላቸውን እናክብር። ከቤተሰብ በቀር እግራቸውን ማንም እንዳይገልጥ።»

«ማን አስጻፈው?» አለች መርማሪዋ። የማትገባበት ቀዳዳ የለምና ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል።

ዶክተሩ ጄሶውን በወጉ እንዳሰረ፣ እግሩ ካበጠ ግን ወዲያው መፈታት እንደነበረበት፣ እንዳያይ ካርዱ እንደከለከለው ተናገረ። ነርሷ የጻፈችው የሟች ምራት የተረጎመችላትን ነው። የባልቴቷን ቋንቋ ከሆስፒታሉ ማንም አያውቅም። ምራቲቱም እማማ ያሉትን አቀበልኩ እንጂ ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም ብላ እንባዋን በግራ እጇ ጠረገች። ቀኝ እጇን ከሻርፗ ሥር አላወጣችም።

«ሲስተር፣ ጄሶው ከታሰረ ጀምሮ አራት ቀን ሙሉ አልጮኹም?» አለች መርፌ።

«ያንጎራጉሩ ነበር እንጂ። ሕመም ሲጠናባቸው ይዘፍናሉ ተባልኩ። ደስ ብሎኝ ቃሉን እንደሰማሁት በደብተሬ ጻፍኩት። እጄን ይዘው ወደ እግራቸው ሲስቡኝ ደግሞ፣ እየመረቁሽ ነው አለችኝ ምራታቸው።»

መርፌ ደብተሩን ተቀብላ ወደ ባልቴቷ ጎረቤቶች ሄደች። በማግስቱ ሦስቱንም ባዶው አልጋ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ሟች አርባ ዓመት ወጌሻ ነበሩ» አለች። «የወንዱንም የሴቱንም ጭን ሲገልጡ ኖረው፣ የራሳቸውን እግር የሚደብቁበት ባህል ከየት መጣ? ታስሮ የሚሞት እግር ደግሞ ከዶክተር ቀድመው ያውቃሉ። ሲስተር፣ የጻፍሽው ዘፈን አይደለም። ‹ፍቺልኝ፣ እግሬ እየሞተ ነው› ማለት ነው።»

ነርሷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እናንተ አልገባችሁም፤ አክብራችሁ ገደላችኋቸው። ገብቷት ዘፈን ነው ያለችው ግን አንድ ሰው ናት። እህቴ፣ እስቲ ቀኝ እጅሽን አሳዪን።»

ምራቲቱ አልተከራከረችም። ሻርፗን ስትገልጥ እጇ እንደ ደረቀ ጭራሮ ተኮራምቶ ታየ።

«ሙሽራ ሳለሁ ወድቄ ተሰበረ። ያሰረችው እሷ ናት» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ። «ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት፣ ይፍቱልኝ ብዬ ለመንኳት። ጎረቤት ጩኸቴን ሰምቶ ሲመጣ ምን እንዳለች ነግረውሻል?»

መርፌ ሰምታለች። ያልሰማችው ነርስ ግን ቀና ብላ ምራቲቱን አየቻት።

«‹ተዉአት፤ ዘፈን ትወዳለች› አለቻቸው።»